ምርመራው «ንጹሕ ነው» ተባለ፤ እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ጅማ ውስጥ ከኤፍኤንዲ ጋር የምትኖሩ አላችሁ?

የሒርማታዋ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ፣ ሒርማታ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 31 ሲሆን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ አስተምራለሁ። ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳመጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ ሳለ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠመኔው አምልጦኝ ወደቀና ተሰበረ፤ ላነሣው ጎንበስ ስል ቀኝ እግሬ ከዳኝና ጠረጴዛው ሥር ተዘረጋሁ። ልጆቹ መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪዬ ማልቀስ ስትጀምር ግን ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሬን እየጎተትኩ ነው የምሄደው፤ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ መላ ሰውነቴ እየተንቀጠቀጠ እወድቃለሁ። ወድቄ ሳለሁ በዙሪያዬ የሚባለውን አንዳንዴ እሰማለሁ፤ መልስ መስጠት ግን አልችልም።

እዚሁ ጅማ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ቀጥዬም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ አዲስ አበባ ላይ ኤም አር አይ እና ኢኢጂ የሚሉትን የአንጎል ሞገድ ምርመራ አደረግኩ። ሁሉም «ንጹሕ ነው» ተባለ። ቤተሰቤ ተመስገን ሲል እኔ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እግሬ ያው ነበር። አንድ ሐኪም የምርመራ ወረቀቴን እያጣጠፉ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው፤ አግቢ፣ ይሻልሻል» ብለው አሰናበቱኝ።

በመጨረሻ አንዲት የነርቭ ሐኪም አልጋ ላይ አስተኝተው፣ እጃቸውን ከቀኝ ተረከዜ ሥር አስገብተው «በዚህ እግርሽ እጄን ወደ ታች ተጫኚ» አሉኝ፤ አልቻልኩም። እጃቸውን ከዚያው ሳያነሡ ሌላኛውን እጃቸውን በግራ እግሬ ላይ ጭነው «አሁን ደግሞ ግራሽን ወደ ላይ አንሺ» አሉኝ። ግራ እግሬን ለማንሣት ስታገል ቀኝ ተረከዜ የሐኪሟን እጅ አጥብቆ ተጫነው። «ተሰማሽ? ኃይሉ አለ» አሉኝና የሕመሙን ስም ጻፉልኝ፦ ፈንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር፣ በአጭሩ ኤፍኤንዲ፤ አንጎል ከሰውነት ጋር የሚለዋወጠው መልእክት የሚታወክበት ሕመም ነው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለ ነበር፣ ፊዚዮቴራፒና ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር የንግግር ሕክምና እንድጀምር ከነገሩኝ በኋላ ተሰናበትን።

አሁን እናቴ «ልክፍት ነው» ብላ ጸበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች። ስወድቅ ጎረቤቶቻችን ክብሪት ጭረው ያሸቱኛል፤ ሁለት ጊዜ የአፍንጫዬ ጫፍ ተቃጥሏል። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ሆኖም «እስኪሻልሽ ቤትሽ ዕረፊ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፣ ትዕግሥታቸው መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፤ ይህ ሕመም ያለባችሁ ወይም የቤተሰባችሁን አባል የምታስታምሙ፣ ለሰው እንዴት አስረዳችሁ? እግሩስ ይመለሳል? ጅማ ውስጥ የሚደግፈኝ ሰው የት ላገኝ እችላለሁ?


የአጋሮው ቡና ነጋዴ

እህቴ፣ አይዞሽ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ተረከዝሽ የጻፍሽውን ግን ከዚያም በላይ ደጋግሜዋለሁ፣ እኔም በዚያው መንገድ ነው ሕመሜን ያወቅኩት። ዕድሜዬ 44 ነው፤ ሕመሙ ከጀመረኝ አራት ዓመት አልፎታል፤ የእኔ በግራ እግሬ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ከቤት ወደ በር ስሄድ እግሬ እንደ ግንድ ይጎተታል። ግቢያችን ውስጥ ሲሚንቶ ላይ የተሰጣ ቡና በእንጨት መገልበጫ ሳገላብጥ ግን ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ «እግርህ እኮ ደህና እየሄደ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ባየሁት ቅጽበት ቆመ። በጊዜው እጅግ አፈርኩ፤ ሰው ቢያይ «ያስመስላል» ይለኛል ብዬ ለወራት ያንን ቡና ራሴ ማገላበጥ ተውኩ። ትልቁ ስሕተቴ ይህ ነበር። በኋላ ያገኘኋት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ታሪኩን ስነግራት ደስ አላትና «ወደ ኋላ ሂድ እስቲ» አለችኝ። ወደ ኋላ ስሄድ እግሬ አልተጎተተም። እግሬን ልቆጣጠረው አተኩሬ ባየሁት መጠን እንደሚታወክ፣ ሐሳቤ በሌላ ነገር ሲያዝ ግን የለመደው እንቅስቃሴ ራሱ እንደሚመጣ ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ልምምዱ የተጀመረው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ቆሜ ክብደቴን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማወዛወዝ፤ ከዚያ እግሬን ሳላነሣ ወለሉ ላይ እያንሸራተትኩ መሄድ፤ ከዚያ መንዙማ እያንጎራጎርኩ፣ ዓይኔን ወደ ፊት ጥዬ መራመድ። ጡንቻ የሚያፈረጥም ከባድ ነገር አልነበረውም። በየቀኑ አሥር አሥር ደቂቃ ነበር የምሠራው፤ የሚያስቸግረው ነገር እግሬን ሳላይ መሄድን መልመዱ ነው። ምርኩዜንም በአንድ ቀን አልጣልኩትም፤ ለመንገድ ብቻ አስቀርቼ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ ተውኩት።

ደህና ቀን ሲመጣ የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን አትጨርሺ። እኔ ይህን እያደረግኩ በማግሥቱ ሁለት ቀን እተኛ ነበር። እንቅልፍም ወሳኝ ነው፤ በረመዳን ሌሊቱ ሲዛባብኝ እግሬ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስለዚህ አስቀድሜ ሐኪሜን አማክራለሁ። ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ግን ጅማ መጥቼ መርካቶን ያለ ምርኩዝ ዞሬ፣ ከወዳጆቼ ጋር ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።


የአእምሮ ጤና ነርስ ከጅማ

ውድ መምህርት፣ በሥራዬ ይህን ሕመም አዘውትሬ ስለማይ ጥቂት ነገር ለማከል ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። የሚከታተሉዎትን ሐኪም ምክር የሚተካ አለመሆኑን ግን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሐኪሟ ያደረጉልዎ ምርመራ «የሁቨር ምልክት» ይባላል፤ ቻርልስ ሁቨር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1908 የገለጹት ነው። ይህን የማነሣው ቁልፉ እዚህ ላይ ስላለ ነው። ኤፍኤንዲ «ሌላ ነገር ስላጣን» ተብሎ የሚለጠፍ ስም አይደለም፤ ራሱን የሚያሳውቅባቸው ምልክቶች አሉት። ለእጅ መንቀጥቀጥም እንዲሁ ነው፤ በደህናው እጅዎ ጠረጴዛ እየመቱ ምት እንዲከተሉ ሲደረግ፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ ፍጥነቱን ከዚያ ምት ጋር ያስተካክላል ወይም መንቀጥቀጡን ያቆማል። ኤም አር አይ የሚያሳየው የአንጎልን ቅርጽ እንጂ መልእክት አስተላለፉን ስላልሆነ፣ «ንጹሕ ነው» ማለት «ምንም የለብሽም» ማለት አይደለም። ለታማሚዎቼ በስልክ እመስልላቸዋለሁ፤ ቀፎው ደህና ነው፣ ሲሙም ደህና ነው፣ ኔትወርኩ ግን ይቆራረጣል። ጥሪው አለመድረሱ እውነት ነው፤ ደዋዩም እያስመሰለ አይደለም።

ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ድሮ ሂስቴሪያ ይባል ነበር፤ ቃሉ ማሕፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ በመሆኑ ሕመሙ የሴቶች ብቻ ነው የሚል አጉል ሐሳብ ተሸክሞ ኖሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዣን ማርተን ሻርኮ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል በሰፊው አጥንተውታል፤ ወንዶችንም እንደሚይዝ አሳይተዋል። ከእሳቸው በኋላ ፍሮይድ «ኮንቨርዥን» የሚለውን ስም አመጣ፤ በእኛም ካርዶች ላይ አሁንም ይህ ስም ሊጻፍ ይችላልና ቢያዩት አይደናገጡ፣ ስለ አንድ ሕመም ነው የሚያወራው። «አግቢ» ካሉዎት ሰው የደረሰዎት የዚያ የቆየ አስተሳሰብ ቅሪት ነው፤ እንደ ሙያ ባልደረባ እጅግ አዝኛለሁ።

ሲወድቁ መደረግ ያለበት ቀላል ነው። ከጠንካራና ስለታም ነገር ያርቁዎት፤ ከራስዎ ሥር ልብስ ያድርጉ፤ በጎንዎ ያስተኙዎት፤ አጠገብዎ እንዳሉ በዝግታ ይንገሩዎት። አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት፣ እጅና እግርን ጨምቆ መያዝ፣ ክብሪት ማሽተት ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ጉዳት ብቻ ነው ያለው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይህን ዓይነቱን መውደቅ አያቆምም። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች የሚጥል በሽታም ኤፍኤንዲም በአንድነት ስለሚኖሩባቸው፣ የታዘዘ መድኃኒት ያለው ሰው ያለ ሐኪሙ ፈቃድ እንዳያቋርጥ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱም የሕመሙ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ያሳዩ፤ የመንፈራገጡ ምንነት ሳይታወቅ የሚያስተኛ መርፌ ቢደጋገም አተነፋፈስን ሊያዳክም ይችላል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የፊት መጣመም፣ የአንደበት ድንገተኛ መተሳሰር፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ የአንድ ጎን መዛል፣ ወይም ትኩሳት ከኃይለኛ ራስ ምታት ጋር ከመጣ «ያው ኤፍኤንዲው ነው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ኤፍኤንዲ ያለበትን ሰው ሌላ ሕመምም ሊይዘው ይችላል።

የት እንደሚሄዱ ለጠየቁት፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚሁ ዘርፍ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ስለሆነ ከተማችን በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች ትሻላለች። ሲሄዱ ከአዲስ አበባ የተጻፈልዎን ወረቀት ይያዙ፤ ወረቀቱ ላይ የታየው ምልክት በዝርዝር ካልተጻፈ ሐኪሟ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ያ አንድ መስመር ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሁሉንም ምርመራ ከመድገም ያድንዎታል።


ከበደሌ

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ላስገባ። ለእኔም ኤፍኤንዲ ነው ተብያለሁ፤ ግን ምንም ጭንቀት አልነበረብኝም። ከባድ ጉንፋን ይዞኝ ሳምንት ተኝቼ ስነሣ ነው እጄ የደነዘዘው። ሐኪሙ ደግሞ «የደበቅከው ነገር አለ፣ አስብ» እያሉኝ ነው። የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?


የአእምሮ ጤና ነርስ ከጅማ

ወንድሜ፣ የሌለውን አያምጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ አስጨናቂ ገጠመኝ መኖር አለበት የሚለውን ቅድመ ሁኔታ አንሥቶታል። ብዙ ሰው ከአደጋ፣ ከኢንፌክሽን፣ ከማይግሬን ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ይጀምረዋል። በሌሎች ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሐዘን ወይም ያለፈ ጥቃት ትልቅ ድርሻ አለው፤ እነሱ መደመጥ አለባቸው። የርስዎን ግን እንደ ነገሩን እንቀበላለን።


ታላቅ እህት

እኔ ታማሚ አይደለሁም፤ ታናሽ እህቴን ሦስት ዓመት አስታምሜአለሁ። የሚቀጥለውን የምጽፈው እንደ መምህርቷ እናትና ጎረቤቶች ላሉ ሰዎች ጭምር ነው፣ እኛም እንዲሁ ነበርንና።

እህቴ ስትወድቅ ቤታችን ገበያ ይሆን ነበር። አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ አንዷ ጎረቤታችን «ማነህ? ተናገር!» እያለች በእህቴ አፍ ያለውን መንፈስ ታነጋግራለች። ልጅቷ ሁሉን እየሰማች ነበር የምትንቀጠቀጠው! ይህን ያወቅነው በኋላ ራሷ ስትነግረን ነው፤ እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን፤ ስትወድቅ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል፣ ሌላው በሙሉ ይወጣል፣ በሩ ገርበብ ይላል። የሚቀረው ሰው ሰዓት ያያል፤ የዕለቱን ቀን፣ የቆየበትን ደቂቃና ከዚያ በፊት የሆነውን በደብተር ይጽፋል። በሦስተኛው ወር ደብተሩን ለሐኪሙ ስናሳይ፣ አብዛኛው ከእንቅልፍ እጦት በኋላና ብዙ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ መሆኑ ታየ፤ ቀደም ብሎ ምልክቱ ሲሰማት ምን ማድረግ እንዳለባትም ተማረች። እጇ ሲደነዝዝ ካወቀች በኪሷ የምትይዘውን ጤና አዳም ታሸታለች፣ በዙሪያዋ የምታያቸውን አምስት ነገሮች ድምፅዋን አውጥታ ትቈጥራለች፤ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ ሳትወድቅ ያልፍላታል። በግድ ከሚያሸቱት ክብሪት ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ጤና አዳሙን የምታነሣው ራሷ ናት።

ስለ ጸበሉ፣ መምህርት ሆይ፣ ከእናትዎ ጋር አይጣሉ። እኛ ተስማምተን ነው የወሰድናት፤ እምነቷም አጽንቷታል። ስምምነታችን ግን ግልጽ ነበር፦ ማንም አይመታትም፣ ማንም አያስራትም፣ ምግብም ሕክምናም አይቋረጥባትም። የኔታ ራሳቸው «ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው» ብለው እናቴን አረጋጉልን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዱዓ ያደርጉላታል፤ ለእነሱም በዚያው ቋንቋ ነው ያስረዳናቸው። ታናሽ ወንድሜ የኤዲንብራው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ጆን ስቶን ኒውሮሲምፕተምስ በሚል ስም ለታማሚዎች ያዘጋጁትን ድረ ገጽ ማታ ማታ በስልኩ ከፍቶ፣ ለእናቴ በአማርኛ፣ ለአባቴ በኦሮምኛ እየተረጎመ ያነብላቸው ነበር። አባቴ ከሁሉም በላይ የገረመው ሌላ አገር ያለ ሰውም ልክ እንደ ልጁ መሆኑን መስማቱ ነው።

ሥራዎን በተመለከተ፣ የግል ትምህርት ቤት ሠራተኛ ስለሆኑ የሚመለከትዎ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። የሐኪም ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። «ቤትሽ ዕረፊ» የሚለውን በቃል ብቻ ተቀብለው አይቅሩ፤ ወረቀት ይኑርዎት። ደግሞም ርዕሰ መምህሩ ደግ ከሆኑ፣ ከዕረፍት ይልቅ ተቀምጠው የሚያስተምሩበትን ሁኔታ ይጠይቋቸው፤ እህቴን የጎዳት ከሕመሙ እኩል ከቤት ሳትወጣ የተቀመጠችበት ዓመት ነው።

በመጨረሻም፣ እኛ ሦስት ቤተሰቦች በወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ቤት ቡና አፍልተን እንገናኛለን። ማኅበር አይደለም፣ መዋጮም የለውም። አንዷ ብትወድቅ ማንም አይደነግጥም፤ ቡናው ይቀጥላል። በግል መልእክት ይጻፉልኝና አድራሻውን እልክልዎታለሁ። የአጋሮው ወንድማችን፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ከበደሌ ያሉትም ለሕክምና ጅማ የሚመጡበት ቀን ከገጠመ ይደውሉ።


የሒርማታዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወዲያው ያልመለስኩት የተባለውን ሞክሬ ለመጻፍ ስለ ፈለግኩ ነው።

የነርሷን ጽሑፍ አትሜ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና «እኔ እኮ የማዝንልሽ መስሎኝ ነው ቤትሽ ሁኚ ያልኩሽ» አሉኝ። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተምራለሁ፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ተማሪዎቹ ናቸው። የሐኪም ማስረጃውንም አስገብቻለሁ።

ልጆቹን ሳልነግራቸው መጀመር አልፈለግኩም። አንጎሌ ለእግሬ የሚልከው መልእክት አንዳንዴ እንደማይደርስ፣ ስወድቅም እንደማያመኝና እንደምነሣ ነገርኳቸው። ያን ቀን ያለቀሰችው ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አለችኝ። ጥያቄው በጣም ትክክለኛ ነበር። አንድ ልጅ የጎረቤት ክፍል መምህርን እንዲጠራ፣ እሷ ደግሞ ሹራቧን አጥፋ ከራሴ ሥር እንድታደርግ፣ የቀሩት በየቦታቸው እንዲቀመጡ ተስማማን። ማክሰኞ ዕለት ወደቅኩ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ዓይኔን ስገልጥ ከራሴ ሥር አረንጓዴ ሹራብ ነበር፤ የጮኸ ልጅም አልነበረም።

እግሬ ገና ይጎተታል። ሆኖም የአጋሮው ወንድሜ እንዳሉት ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ፤ ከሳሎን እስከ ጓዳ በር ድረስ፣ አንድም ጊዜ ሳይጎተት! እናቴ ስታይ እንደ እሳቸው ባለቤት ጮኸች። አሁን በየማታው አብራኝ ትለማመዳለች፤ እጄን ሳትይዝ፣ ጎን ለጎን።

እሑድ ከእናቴ ጋር እንመጣለን። «ባዶ እጃችንን አንሄድም» ብላ ድፎ ዳቦ ልትደፋ ተዘጋጅታለችና፣ ስንት ሰው እንደምትሆኑ ከዓርብ በፊት ጻፉልኝ።